እትዬ ወርቅአፈራሁና የክኒን ጣሳቸው

ጤና ሚኒስቴር ያልሾመው፣ ዩኒቨርሲቲ ያላስመረቀው፣ ነጭ ጋውን ለብሶ የማያውቅ አንድ ሐኪም የሌለበት ሰፈር በዚህች አገር ይገኛል የሚል ካለ መጥቶ ያሳየኝ። ይህ ሐኪም ካርድ አያወጣም፣ ወረፋ አያስጠብቅም፣ የምሳ ሰዓት የለውም። እርስዎ ገና ሲያስነጥሱ እሱ በሽታዎን ጨርሶ አውቆታል። ሁለተኛ ካስነጠሱ ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ደጅዎ ላይ ቆሟል።

በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ሊቀ ሐኪማት እትዬ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ቦንጋ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ፀዲ ከተከራየናት ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ ስድሳን ያለፉ ጡረተኛ ናቸው። አጥር አልኩ እንጂ እሳቸው አጥር የሚባል ነገር አያውቁም። የሰው ሳል እስከተሰማ ድረስ ያለው ቦታ ሁሉ የእሳቸው ግቢ ነው።

የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉት በጣታቸው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ጤና ብቻ የሚጻፍበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት፣ የዓመት ሪፖርት፤ ወባ ይህን ያህል፣ ተቅማጥ ይህን ያህል፣ ታይፎይድ ይህን ያህል እያሉ ሲመቱ ኖሩ። «አንተ አምባው፣ እኔ በእነዚህ ጣቶቼ የመታሁትን በሽታ ሐኪም ሁሉ አይቶታል ብለህ ነው?» ይሉኛል። በብዛት ከሆነ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ሁሉ በሽታ ግን ልባቸው የቀረው ሁለቱ ጋ ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው፤ ተቀላቅሎብሃል።» ራስ ምታት ከሆነ ተቀላቅሏል። ወገብ ከሆነም ተቀላቅሏል። ተድላ የሚባለው የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አንድ ቀን እሳቸውን አሳፍሮ ሲሄድ አዛጋ። ከኋላ ሆነው ማጅራቱን ብቻ አይተው «ተቀላቅሎብሃል» አሉት። ትናንት ኳስ ሳይ አምሽቼ ነው ቢላቸው ማን ሰምቶት። ገበያው ጋ ሳይደርሱ ሁለት ፍሬ ክኒን አስውጠውት፣ ሁለት ፍሬ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ከተውለት ወረዱ።

የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ አቶ ገብረሚካኤል ወር ሙሉ ግንባራቸውን ሲያማቸው የእትዬ ወርቅአፈራሁን ሕክምና ሁለት ዙር ጨርሰዋል። በኋላ መነጽር አደረጉና ሕመሙ ለቀቃቸው። እትዬ ወርቅአፈራሁ ግን ድሉን ለመነጽር የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «የእኔ መድኃኒት እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» አሉ።

መድኃኒት ቤታቸው አንዲት የኒዶ ጣሳ ነበረች። ውስጧ ያለው የሰፈሩ ሕዝብ ትራፊ ነው። ሐኪም ሰባት ቀን ዋጥ ያለውን በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ያቆመ ሁሉ የተረፈውን ለእሳቸው ያስረክባል። እሳቸው በቀለም ይለዩታል። ቀይና ቢጫው ካፕሱል ለውስጥ ቁስል፣ ትልቁ ነጭ ለሆድ፣ ሮዟ ለነርቭ። ጊዜው አልፎበታል ብሎ የሚከራከራቸው ቢገኝ «መድኃኒት ምን እንጀራ ነው፣ ይሻግታል እንዴ?» ይሉታል። ጣሳዋ ገበያም፣ እድርም፣ ለቅሶም አብራቸው ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ ስል ሰው የማይወዳቸው እንዳይመስላችሁ። ክኒን ሰጥተው ዘወር የሚሉ ሐኪም አይደሉም። ላብዎን እየጠረጉ፣ አጥሚት እያጠጡ፣ ስለ ራሳቸው ጉልበት እያማረሩ እስኪሻልዎ ድረስ እግርጌ ይቀመጣሉ። የቦንጋ ዝናብ ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ ባደረገበት ቀን እንኳ የታመመ ሰው ቤት ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። የዳነ ሰው ያዳነው ክኒኑ ይሁን አጥሚቱ አጣርቶ የሚያውቅ የለም።

ዘመናዊው ሕክምናና እትዬ ወርቅአፈራሁ ፊት ለፊት የተጋጩት ባለፈው ዓመት ነው። አንዲት ጎረቤታችንን «ታይፎይድና ታይፈስ» ለማስመርመር ወደ ሆስፒታል ሲወስዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሰብሃት ይባላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ቀጭን ሰው ነው።

«እናቴ፣ ያንን ምርመራ እኛ ጋ ትተነዋል» አላቸው።

«ምኑን?»

«የታይፎይድና የታይፈሱን። ድሮ ታሞ የዳነውንም፣ ሌላ ትኩሳት የያዘውንም አለብህ ይለዋል። በጣም ይሳሳታል።»

«ታይፎይድን ሰረዛችሁት? ማን ፈቅዶላችሁ?»

ሰብሃት ሳቁን ዋጥ አድርጎ አዲስ የመጣውን ማሽን በመስኮቱ አሳያቸው። የበሽተኛው ደም ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ አለ፤ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ እዚያ ይራባል፤ ሲራባ ማሽኑ ይጮኻል። ድሮ ናሙናው ወደ ሩቅ ከተማ ተልኮ መልሱ ሲመጣ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። አሁን ግን በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይታወቃል አላቸው።

«ደም ችግኝ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

«ልክ እንደ ቡና ችግኝ ያስቡት። ግን ሰውየው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ክኒን ከዋጠ፣ መደቡ ላይ መርዝ ተረጨ ማለት ነው። እዚህ አይበቅልልንም፣ ሰውየው ውስጥ ግን አለ። እኛም የለም ብለን እንሸኘዋለን። ስለዚህ የዋጠውን ነገር ቢያንስ አይደብቁን።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ ጣሳቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። ከግቢው እንደወጣን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ልጅ ፊቱን አየኸው? ተቀላቅሎበታል» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ ይህን የሰብሃትን ንግግር በገዛ ጆሮዬ መስማቴን ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ሰኔ ፀዲ የመጀመሪያ ልጃችንን በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። አማቴ እማማ ብርቄ የሚኖሩት ደካ ነው። ያን ሰሞን ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ እትዬ ወርቅአፈራሁ ማንም ሳይጠይቃቸው እናት ሆነው ገቡ። ገንፎውን አገነፉ፣ ሕፃኗን አጠቡ፣ ጨርቁን አሰጡ፣ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ እጅህን ታጠብ እያሉ በር ላይ አዋከቡ። እኔን ከቤቴ ሊያስወጡኝ ምንም አልቀራቸውም።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፀዲ ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ሆዷን ከእምብርቷ በታች ስትነካው ያማታል። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩ። እትዬ ወርቅአፈራሁ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የወሊድ ብርድ ነው፣ ትንሽ ተቀላቅሎባታል። አራስ ይዘህ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ። ቀይና ቢጫው ካፕሱል ከጣሳዋ ወጣ። ያን ዕለት ቀን አንድ ማታ አንድ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ቀን አንድ፣ አራት ፍሬ በእጃቸው ሰጧት። ልክ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓት ሳያዛንፉ ነበር።

አራተኛውን እንደሰጧት ስልክ ተደወለ። ዋጫ ውስጥ የአጎታቸው ልጅ ወልደ ጊዮርጊስ አርፏል። ለቅሶ መቅረት አይቻልም። ሚኒባስ ከመሳፈራቸው በፊት ሦስት ካፕሱል በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ዛሬ ማታ፣ ነገ ጠዋት፣ ነገ ቀን። ሰዓቷን እንዳታሳልፍ።»

አላሳለፍኩም። የጋዜጣ አምድ የምጽፍ፣ ሰው በምክሬ የሚተዳደር የሚመስለኝ እኔ፣ ሦስቱንም በሰዓታቸው ሰጠኋት። ሰብሃት ስለ ችግኙ ያለው ትዝ ብሎኝ ነበር፤ አላስታወስኩም አልልም። ሆስፒታል መሄድ ግን ነገሩን ከባድ ማድረግ መሰለኝ፤ ካፕሱሉን መስጠት ቀላል ነበር። የመጨረሻውን ስሰጣት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «እማዬ» ብላ ጠራችኝ። እንቅልፍ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ወርቅአፈራሁ ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ የዋጫን ጭቃ ከጫማቸው ሳያራግፉ ገቡ። እኔ ግንባሯን ይነካሉ ብዬ ስጠብቅ እግሯን ነኩ። እግሯ በረዶ ነበር። ትንፋሿን ቆጠሩ፤ ሮጦ እንደመጣ ሰው ነው የምትተነፍሰው። «ሽንቷን መቼ ነው የሸናችው?» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልሸናችም። እንግዲህ ጣሳዋን በያዙበት ሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ወርቅአፈራሁ የበሽታ ስም አልጠሩም። «ባጃጅ» ብቻ አሉ።

ተድላ እንዴት አድርጎ ያን ዳገት እንደወጣው አላውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ዶክተር ቀጸላ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። የፀዲን የደም ግፊት ለካች፤ ዝቅ ብሏል። ሰብሃትን አስጠራችው። ከፀዲ ጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ መዳፍ በምታህል መሣሪያ ላይ አደረጋትና ደቂቃ ሳይቆይ የወጣውን ቁጥር ለዶክተሯ ነገራት። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«ቁጥሩ ደም ወደ ሰውነቷ በደንብ እየደረሰ እንዳልሆነ ነው የሚነግረን። ከማህፀኗ የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ደሟ ገብቷል ብዬ እፈራለሁ። ሴፕሲስ ነው የምንለው። እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። አሁን የምጠይቅህን በትክክል መልስልኝ። ቤት ውስጥ የወሰደችው መድኃኒት አለ?»

«ምንም» አልኩ።

ይህች ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣች እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሐኪም ሲጠይቀን ሁላችንም የምንዋሸው ውሸት ነው። እንዳይቆጡን ነው። ያልተማሩ እንዳይሉን ነው። ቤታችን የዋጥነውንና ያጠጣነውን ሁሉ በር ላይ ትተን፣ ንጹሕ በሽተኛ ሆነን መቅረብ እንወዳለን። የሚስቴ ከንፈር እየጠቆረ እኔ የምጠብቀው ስሜን ነበር። አፍሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማፈሬንም አላወቅሁትም።

«ልጄ፣ ወስዳለች» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

እትዬ ወርቅአፈራሁ ወደ ፊት ራመድ አሉ። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ነርሱ ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ግማሹ ከጣሳቸው ቀምሷል።

«ካፕሱል ነው። ሰባት ፍሬ። ከትናንት ወዲያ ቀን ነው የጀመረችው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የመጨረሻዋ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነች። ሰባቱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ጣሳዋን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዶክተር ቀጸላ ክዳኑን ከፍታ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «እናት፣ ሰው ሊገድሉ ነበር እኮ! ይሄን ሁሉ ለማን ለማን ሰጥተዋል?» ብላ ጮኸችባቸው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። እትዬ ወርቅአፈራሁ አንገታቸውን ደፉ። እኔን ግን ዞር ብለው አላዩኝም። ሦስቱ ከእኔ እጅ መሆናቸውን ከእኔ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ ሆነ። ሰብሃት የፀዲን ክንድ ደጋግሞ አጽድቶ ከግራም ከቀኝም ደም ወሰደ። «ክኒን እንደዋጠች ካወቅሁ የምጠቀመው ሌላ ጠርሙስ ነው፣ መድኃኒቱን የሚመጥልኝ ነገር ያለበት» አለና ወረቀቱ ላይ ሰባት ፍሬ ብሎ ጻፈ። ዶክተሯ ደሙ እንደተወሰደ ወዲያው መርፌውን አስጀመረች። ነርሷን ስታዝ ሰማኋት፤ «የተለመደውን አይደለም። እሱ ከካፕሱሉ ጋር አንድ ዘር ነው። ሦስት ቀን ያልሠራላትን አሁን ብጀምርላት ጊዜ ማባከን ነው።» እኔ «ምንም» ባልኩት ብትሄድ ኖሮ የሚጀመርላት ያ የተለመደው ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰብሃት ተመለሰ። ዶክተሯ ከማህፀኗ የወሰደችውን ፈሳሽ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማይክሮስኮፕ አይቶታል። «ሮዝ ቀለም የያዙ፣ ዘንግ ዘንግ የሚመስሉ ናቸው፣ ብዙ ናቸው» አላት። ዶክተሯም የጀመረችው መድኃኒት ለእነሱ የሚሆን መሆኑን ራሷን ነቅንቃ አረጋገጠችለት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጮኸ። ከምሳ በፊት ደግሞ ሰብሃት በሌላ ፈጣን ምርመራ የባክቴሪያውን ስም አውቆ፣ ወረቀት ሳይልክ ራሱ ዋርዱ ድረስ መጣ።

«ካፕሱሉን የሚሰባብር ዓይነት ነው» አለ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ። «ሰባት አይደለም ሰባ ብትውጥ ለእሱ ምኑም አይደለም። ዶክተር የጀመረችው ግን ይገድለዋል።»

ፀዲ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ዓይኔን ፈልጎ አገኘው። «ልጄስ?» አለች። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። እትዬ ወርቅአፈራሁ በጥቁር ነጠላቸው ጠቅልለዋት፣ ነርሶቹ የሚሰጧቸውን ወተት በትንሽ ኩባያ እያጠጡ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያች አግዳሚ ወንበር አልተነሱም። አላፊ አግዳሚው በዓይኑ ሲወጋቸው እሳቸው የሚያዩት ልጅቷን ብቻ ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጣሳዋ ሲውጥ የኖረ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመራማሪ ሆነ። «እኔ እኮ ድሮም እጠራጠራቸው ነበር» የማይል ጠፋ። አቶ ገብረሚካኤል እንኳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ሕገ ወጥ ነገር ነው» አሉ። መንገዱ ሲከፈት እማማ ብርቄ ከደካ መጡና በአጥሩ ላይ «ልጄን ልትገድዪብኝ!» ብለው የሰፈሩን ሰው ሰበሰቡ። እትዬ ወርቅአፈራሁ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በሩ እንደተዘጋ ቀረ። የማንንም ሳል አይሰሙም፣ የማንንም ግንባር አይነኩም። ሰፈሩ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ይህን ጸጥታ አልቻልኩትም። አንድ ቀን ሆን ብዬ አጥሩ ጋ ሄጄ ሳልኩ። ምንም የለም። ከበድ አድርጌ ደገምኩት። መስኮታቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ትልቅ ሰውዬ፣ ቆሜ፣ ለአጥር እየሳልኩ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ በራቸውን አንኳኩቼ ገባሁ። ሰፌድ ላይ ስንዴ እየለቀሙ ነበር።

«ሦስቱ የእኔ ናቸው» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀህ?»

«ለምን ሰባቱንም የእኔ ነው አሉ?»

ስንዴውን አንገዋለሉት። «ፀዲ እኔን ብትጠላኝ በሯን ትዘጋብኛለች፣ አበቃ» አሉ። «አንተን ብትጠላ ግን በሯን ዘግታ ከማን ጋር ልትቀመጥ ነው? ደግሞ መድኃኒቱ የእኔ ነው። አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ፣ ስለ ሕክምና ምን ታውቃለህ?»

እውነቱን ልናገር፤ ይህ መልስ ተመቸኝ። እሳቸው ካሉ ይሁን ብዬ ብዙ ሳምንት ዝም አልኩ። እሳቸው የእኔን ጥፋት ተሸክመው ቤት ተዘግተው ሲቀመጡ፣ እኔ አራስ ጥየቃ ለሚመጣው ሰው ስለ ፈጣን ምርመራ ጥቅም ማብራሪያ እሰጥ ነበር። ሰውም በአድናቆት ይሰማኛል።

የልጅቷ ሰማንያኛ ቀን ደረሰ። የክርስትናው ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ለድግሱ ሽንኩርት ሊከትፉ ግቢያችን ተሰብስበዋል። ፀዲ ልጅቷን ታቅፋ መሐላቸው ተቀምጣለች። «ክርስትና እናቷ ማን ነች?» ብላ አንዷ ጠየቀቻት።

«እትዬ ወርቅአፈራሁ» አለች።

እማማ ብርቄ ቢላዋቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። «ልጄን በክኒን ልትገድል የነበረችውን ሴትዮ?»

«እሳቸው ባይናገሩ ሞቼ ነበር እማዬ። ዶክተሯ ነግራኛለች።»

«እሷ ባትሰጥሽ ቀድመሽ ሐኪም ታዪ ነበር! ሰባት ፍሬ! ሰባት ፍሬ እያጎረሰች ያስተኛችሽ እሷ አይደለችም?»

«አራት» አልኩ ዳሱን ከምተክልበት ጥግ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል እኔ ሽንኩርት አልያዝኩም፤ እንባዬ ግን ይወርዳል።

«አራት ነው የሰጧት። ሦስቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሳቸው ዋጫ ለቅሶ ላይ ነበሩ። እያየኋት እየባሰባት ሰጠኋት። ዶክተሯ ስትጠይቀኝም ምንም አልወሰደችም ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው ናቸው ውሸቴን ያፈረሱት፣ የእኔንም ጨምረው የተሸከሙት።»

የቢላዋ ድምፅ ቆመ። እማማ ብርቄ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፀዲ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ክኒኑስ ይሁን፣ ሁላችንም እንውጣለን» አለች። «እኔ ልሞት እያጣጣርኩ፣ አንተ ቆመህ ምንም አልወሰደችም አልክ?»

ልጅቷን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ያን ማታ አላናገረችኝም። ጠዋትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በእናቷ ጃንጥላ ሥር ሆና ቀድማኝ ሄደች።

ልጅቷን ያስነሷት እትዬ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አዲስ ተሠርተው፣ ከበሩ ከወጡ ሁለት ወር ያለፋቸው ሴት አይመስሉም ነበር። እማማ ብርቄ ደጀ ሰላሙ ላይ አንገታቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ይቅርታ ጠየቋቸው፣ ጉልበታቸውን ካልሳምኩ ብለው ግርግር ፈጠሩ። ለእኔ ግን «እንደምን አደርክ» እንኳ አላሉኝም። ትክክል ናቸው።

ከቅዳሴ መልስ ዳሱ ውስጥ ምሳ ቀረበ። ፀዲ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። እኔ የአባት ቦታ ላይ ሳህኔን ይዤ ብቻዬን ነኝ፤ በቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ወሬው ከትናንት ጀምሮ ሰፈሩን አዳርሷል። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ወንበሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ እንዳለው ሰው ዘወር ይላል። ተድላ እንኳ ሳህኑን ይዞ ቆም ካለ በኋላ አቶ ገብረሚካኤል ጋ ሄደ። ሰዉ ትናንት ለእትዬ ወርቅአፈራሁ ያሳየውን ፊት ዛሬ ወደ እኔ አዙሮታል።

እትዬ ወርቅአፈራሁ ልጅቷን እንደታቀፉ ከሴቶቹ መካከል ተነሱ። የከበሬታው ቦታ ተለቆላቸው ሳለ ዳሱን አቋርጠው መጡና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ አየ። ፀዲም አየች።

«ያዛት እስቲ፣ እኔ ምሳዬን ልብላ» አሉና ልጄን ክንዴ ላይ አስቀመጧት።